ከማማው እስከ ጣሪያው፦ የማንቂያ ድምፅና የድንጋጤው ታሪክ

ማንቂያ ሰው ከእንቅልፉ እንዲነሣ፣ ከአደጋ እንዲያመልጥ ወይም ለጋራ ሥራ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የሚሰማ ብርቱ ድምፅ ነው። ጥቅሙ ያለው በማስደንገጡ ላይ ነው፤ ካላስደነገጠ አይቀሰቅስም፣ ካልቀሰቀሰም አያድንም። ስለዚህ ማንቂያ ባለበት ሁሉ ማንቂያውን ራሱን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በምሥራቅ ወለጋ በአንገር ጉቲን ቆላ ይህ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይወጣ የነበረው ከሰው ጉሮሮ፣ ከጅራፍ፣ ከቆርቆሮና ከጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ከወለጋ ተነሥተው ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የገቡ ቤተሰቦች ደግሞ ዛሬ የሚኖሩት ጣሪያ ላይ ከተለጠፈች፣ ቡና በተቆላ ቁጥር ከምትጮህ ትንሽ ነጭ መሣሪያ በታች ነው። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። የሚለያቸው ዋናው ነገር ከድምፁ በስተጀርባ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው፤ የፍርሃቱም መልክ የተለወጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንገር ጉቲን በአንገር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ወንዙ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ከነቀምቴ ደጋ ወደ ሸለቆው ሲወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ወባና የከብት ገንዲ ሰውን ለብዙ ጊዜ ከቆላው አርቀውት ስለኖሩ ጫካውም አውሬውም በሰፊው ተርፎ ነበር። በደርግ ዘመን መንግሥት ከወሎና በድርቅ ከተጎዱ ሌሎች አካባቢዎች ሰዎችን እያመጣ በሸለቆው አሠፈረ። ከ1977 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው ትልቁ የሠፈራ ዘመቻ በመላ አገሪቱ 600 ሺህ ያህል ሰው ሲዛወር፣ ብዙውን ሠፋሪ ከተቀበሉት አካባቢዎች ግንባር ቀደሟ ወለጋ ነበረች። ነባሩም አዲሱም ገበሬ ማሽላና በቆሎ፣ ሰሊጥና ለውዝ ሲዘራ እርሻው ከጫካው ጋር ተዋሰነ። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት አዝመራው ላይ ይወርዱ ጀመር። በሸለቆው ውስጥ ለማንቂያ ድምፅ ከሁሉ በፊት ቦታ የሰጠው አዝመራውን ከእነዚህ አውሬዎች መጠበቅ ነው።

የጥበቃው ቦታ ማማ ይባላል። አራት ባላ ተተክሎ፣ በላዩ እንጨት ተረብርቦና ሣር ተጎዝጉዞ፣ ከአናቱ ዝናብ የማያስገባ ሽፋን ይደረግለታል። ማሽላው ወተት ከቋጠረበት፣ በቆሎውም እሸት ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ ማማው ሰው አይለየውም። ቀን ቀን ልጆች ወፍ በወንጭፍ ያባርራሉ፤ ሌሊት አባት ወይም ጎረምሳ ልጅ እሳት አንድዶ፣ ውሻውን ከሥር አስሮ ያድራል። መሣሪያው ቀላል ነው፦ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና መምቻው፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ድምፅ። ጅራፍ አየር ላይ ተጠቅልሎ በድንገት ሲሳብ የሚሰጠው ጩኸት ከርቀት ለሰማው ጥይት ነው የሚመስለው። ድምፁ የሚወጣው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚወነጨፍ ነው።

ማማ ላይ የከረመ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሳይንስ ይህንኑ ያጠናው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዝንጀሮ ለጩኸት ብቻ አይሸሽም። በመጀመሪያው ቀን በቆርቆሮ ድምፅ በርግጎ ጫካ የገባው መንጋ፣ ቆርቆሮው በተመሳሳይ ሰዓት ከተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ ምት ከተደጋገመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደዋል፤ ቀና ብሎ አይቶ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ብልህ ጠባቂ ቦታ ይለዋውጣል፣ ድምፅ ያቀያይራል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ይጮኻል፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ያሳያል። በጩኸቱ ማዶ ሰው እንዳለ ያወቀ እንስሳ ይፈራል፤ ሰው እንደሌለ የተረዳ እንስሳ ይላመዳል። የማንቂያን ጠባይ በአጭሩ ያስቀመጠ ትምህርት ነው፦ ሳይታሰብ የመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅና አደጋን ያስከተለ ድምፅ ፍርሃቱ አይበርድም፤ ተደጋግሞ የተሰማና ምንም ያላስከተለ ድምፅ ግን ኃይሉን ያጣል። ለሰውም ሕጉ ያው ነው፤ ብርቱ ድምፅ ለሚያሸብራቸው ሰዎች ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከማማ ወደ መንደር ሲመጣ ዋናው ማንቂያ ኡኡታ ነበር። ቤት ሲቃጠል፣ ሌባ ሲገባ፣ አውሬ ከብት ሲይዝ፣ ሰው ወንዝ ውስጥ ሲሰምጥ የሚሰማው እሪታ የሰማውን ሁሉ ግዴታ ውስጥ ይከታል። በኦሮሞ ባህል ተመሳሳዩ ጥሪ ኢያ ይባላል፤ የሰማው ሰው ራሱ ከመውጣቱ በተጨማሪ ጥሪውን እየጮኸ ለሚቀጥለው መንደር ያስተላልፋል። ከሰሜን የመጣው ሠፋሪና ነባሩ የወለጋ ገበሬ ቋንቋቸው ቢለያይም በዚህ ጥሪ ለመግባባት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የቀረ ሰው ከጎረቤት ፊት ይወድቃል፤ ነገ በእሱ ላይ ሲደርስ ማንም ላይወጣለት ይችላል። ያለ ምክንያት የጮኸም እንዲሁ ይነቀፋል፤ ምክንያቱም የሐሰት ጥሪ የእውነተኛውን ጥሪ ዋጋ ይበላል። ጥሪውን የሚያምር የሚያደርገው ይህ ነው፦ ድምፁ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ድንጋጤው ወዲያው ሥራ ያገኛል። የደነገጠው ሰው ዱላውን ወይም እንስራውን ይዞ ይሮጣል፤ ሲደርስ ሌሎችም ደርሰዋል፤ የሆነውን በዓይኑ ያያል፤ ልቡ የሚረጋጋው እዚያው ከሰው መካከል ነው።

የመንግሥት ማንቂያ ነጋሪት ነበር። ነጋሪት የማስመታት መብት ከሹመት ጋር የሚሰጥ ክብር ነው። የነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ለምኒልክ ከገበሩት ከሞረዳ በከሬ በኋላ ሥልጣን ይዘው፣ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ተጠምቀው ደጃዝማች ሲባሉ የገቡት ከበሮና መለከት ማዕረግን ወደሚያሰሙበት ወደዚህ ሥርዓት ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የክተቱ ነጋሪት ተመታ። ነጋሪት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ያስደነግጣል፣ ለምን እንዳስደነገጠም ይናገራል፤ ከምቱ ቀጥሎ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማልና። በ1934 ዓ.ም መታተም የጀመረው የመንግሥት ሕግ ማስታወቂያ ነጋሪት ጋዜጣ የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ያው ጦርነት ማንም ያልነገረለትን፣ ተራኪ የሌለውን ድምፅም ይዞ መጣ። ለወለጋ ሰው የአውሮፕላን ጩኸት አዲስ ነገር ነበር። በሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ጥቁር አንበሳ የተባለው ድርጅት አርበኞች በሌሊት ከብበው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን እዚያው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የሞት ምልክት ሆኖ ቢቀር አያስገርምም።

የሰላሙ ጊዜ ድምፆች በቁጥር ይበልጣሉ፣ የሚያስፈሩትም ያነሰ ነው። በጣና ገዳማት ከብረት ደወል በፊት የነበሩትና ዛሬም በቦታቸው ያሉት የድንጋይ ደወሎች ሲመቱ ለስለስ ያለ፣ ግን ሩቅ የሚሄድ ድምፅ ይሰጣሉ። በትምህርት ቤቶች የደወልን ሥራ ለብዙ ዓመታት የሠራው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። በደርግ ዘመን በብዙ ቀበሌዎች ስብሰባና የጋራ ሥራ የሚጠራው በዚሁ ቸርኬ ነበር። ተማሪ ቸርኬውን አይፈራም፤ የሚመታውን ዘበኛ በዓይኑ ያያል፣ ሰዓቱንም ያውቃል።

በከተሞች ከሁሉም ይልቅ የሚፈራው የዕድር ጡሩምባ ነው። ዕድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በከተሞች የተስፋፋ፣ ቀብርን በጋራ የሚያስፈጽም ማኅበር ሲሆን፣ አባላቱን ለመጥራት ጡሩምባ ነፊ ይቀጥራል። ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ፣ ውሻ እንኳ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከቤቱ ይወጣል። መንገድ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ረጅም አድርጎ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄድና ይደግማል። በአልጋው ላይ ያለው ሰው በመጀመሪያው ድምፅ ይባንናል፤ ስሙ እስኪጠራ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ግን ከድምፁ ይበልጥ የሚከብዱ ናቸው። ማን ይሆን? የታመመው ጎረቤት ነው? ከማዶ ያሉት እናት ናቸው? ስሙ ሲሰማ ፍርሃቱ ሐዘን ይሆናል ወይም ይቀልላል፤ ብቻ ባለበት አይቆይም። ጡሩምባን እጅግ የሚፈሩ፣ ሲሰሙ ጆሯቸውን በብርድ ልብስ የሚሸፍኑ ሰዎች በየሰፈሩ ነበሩ፤ ጎረቤትም ያውቃቸዋል፣ ማለዳ ላይ ማንም ሰው በራቸውን በኃይል አያንኳኳም። ዛሬ በብዙ ዕድሮች ጡሩምባውን የድምፅ ማጉያ ወይም የእጅ ስልክ እየተካው ነው።

ጡሩምባ ለዕድርተኛው እንጂ ለሟቹ የቅርብ ዘመድ አይደለም። ለእሱ ያለው ሥርዓት መርዶ ነው፤ የመርዶ አሠራር የኢትዮጵያ ሰው ስለ ድንጋጤ ምን ያህል በጥልቀት እንዳሰበ ያሳያል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በማለዳ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ሰውየው ገና በሩን ሲከፍት ፊታቸውን አይቶ መጠርጠር ይጀምራል። ጥርጣሬው ልቡን ያዘጋጀዋል። መርዶው የሚነገረው ደካማ ልብ ላለው ሰው ወይም ለነፍሰ ጡር ከሆነ አጠገባቸው ጠንካራ ሰው ይቀመጣል። ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ እናቱ መሞቷን ሳይሰማ ቀናት እንዲያልፉ የሚደረገውም በዚሁ ስጋት ነው፤ ወቀሳ የሚያስከትልበት ጊዜ ቢኖርም የመነሻው አሳብ ርኅራኄ ነው። ድንገተኛ ድንጋጤ ሰው ያሳምማል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ልብ ያቆማል የሚለው እምነት በአማራውም በኦሮሞውም ቤት ሥር የሰደደ ነው። አራስ ባለችበት ቤት ዕቃ አይጣልም፣ በር በኃይል አይዘጋም። ክው ብሎ የደነገጠ ልጅ በስመ አብ ይባልለታል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል፣ ፊቱም ይታጠባል። የልብ ሐኪሞች ኃይለኛ ድንጋጤ የልብ ጡንቻን ለጊዜው ሊያደክም እንደሚችል ካረጋገጡ ወዲህ፣ የአባቶች ጥንቃቄ ያለ ነገር እንዳልመጣ ግልጽ ሆኗል።

የቤት ውስጥ የማሽን ማንቂያ ወደዚህ ታሪክ የገባው በጣም ዘግይቶ፣ ያውም ከሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዋልተር ዬገር የተባለ የስዊስ የፊዚክስ ሊቅ የመርዝ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ሲጥር፣ መሣሪያው ለጋዙ ዝም ብሎ ለሲጋራው ጭስ መልስ ሰጠ፤ የጭስ ማንቂያ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። የመርዝ ጋዝ ፍርሃት ባዶ ስጋት እንዳልነበረ የሚያውቀው በዚያው ዐሥርተ ዓመት ጋዙ ከአውሮፕላን የወረደበት የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ዱዌን ፒርሳል ከባልደረባው ጋር በባትሪ የሚሠራ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ርካሽ መሣሪያ ሠራ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ቤቶች በብዛት ገባ፣ በሕግም ግዴታ እየሆነ ሄደ። ያዳነው ሕይወት እጅግ ብዙ ነው፦ በአሜሪካ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት 5 ሰዎች 3 ያህሉ የሚሞቱት ማንቂያ በሌለበት ወይም ባለውም በማይሠራበት ቤት ነው።

የመሣሪያው ድምፅ በ3 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ይደርሳል። የተለመደው ዓይነት ድምፁ እጅግ ቀጭን ሲሆን በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በዚህ ደረጃ ያለውን ድምፅ ነው። ጆሮ የሚጠለፈው ማምለጫ በሌለው ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጠባብ ኮሪደርና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እያነጠሩ ያበዙታል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ መሣሪያው በየ30 ወይም በየ60 ሰከንዱ አንዴ አጭር ድምፅ ያሰማል። ለብዙ ሰው ይህ የሚያሰለች ብቻ ነው፤ ማንቂያ ለሚፈራ ሰው ግን ከዋናው ጩኸት የባሰ ነው፤ በአጫጭር ድምፆቹ መካከል ያለው ጸጥታ የሚቀጥለውን በመጠበቅ ያልቃልና።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ መሣሪያ ጋር በብዛት የተዋወቁት በስደት ቤት፣ በቡና ሰዓት ነው። ቡና ሲፈላ ጭሱ የሥነ ሥርዓቱ አካል እንጂ ተረፈ ነገር አይደለም። ቡናው በብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ቀጥሎ ቅባቱን አውጥቶ ያብለጨልጫል፣ ሰማያዊ ጭስም ይለቃል። ቡናውን የምትቆላዋ ጭሱን በእጇ እየጠለፈች ታሸታለች፤ ምጣዱ በእንግዶች ፊት ይዞራል፤ ከጎኑ በከሰል ላይ ዕጣን ይጨሳል። በአንገር ጉቲን ቤት ጭሱ በሣሩ ወይም በቆርቆሮው ክፈፍ አልፎ ይወጣል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ባለ አፓርታማ ግን ጣሪያው ዝግ ነው፤ መሣሪያውም የቡናን ጭስ ከቤት ቃጠሎ አይለይም። ልክ ቡናው ሊወጣ ሲል ይጮኻል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አያት ደረታቸውን ይይዛሉ፣ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግባል፣ ሌላው መስኮት ይከፍታል። ማንቂያዎቹ ከሕንፃው ማዕከል ጋር በተያያዙበት ቦታ ነዋሪው ሁሉ በደረጃ ይወርዳል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል፤ ባለቤቲቱ በነጠላዋ ተከናንባ በጎረቤት ዓይን ፊት ትቆማለች። ከዚህ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች በበረንዳ መቁላት ይጀምራሉ፣ አንዳንዱ የተቆላ ይገዛል፣ አንዳንዱም መሣሪያውን በላስቲክ ያፍናል ወይም ባትሪውን አውጥቶ ይረሳዋል። የመጨረሻው እጅግ አደገኛው ነው።

ከዚህ ድንጋጤ ብዙው ሰው ወዲያው ያገግማል። ጥቂቱ ግን ወራትና ዓመታት የሚዘልቅ ፍርሃት ይተርፈዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ከተለዩ ፍርሃቶች ይመድበዋል፤ በልጆች ላይ የሚታየውን የብርቱ ድምፅ ፍርሃት በስም ይጠቅሳል። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሲዘልቅና ኑሮን ሲያውክ እንደ ሕመም ይታያል። ምልክቱ ድምፁ ሲሰማ ብቻ አይደለም። ሰውየው እንግዳ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ጣሪያውን ያያል፤ ሽንኩርት ማቁላላት ይተዋል፤ ሆቴል ማደር፣ የሌሎች ቤት መዋል፣ የእሳት አደጋ ልምምድ የሚደረግበት መሥሪያ ቤት መቀጠር ያስጨንቀዋል። ኑሮው ገና ባልመጣ ድምፅ ዙሪያ ይጠብበታል።

ድንጋጤ ራሱ ሕመም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ላንዲስና ሀንት የተባሉ ተመራማሪዎች የጥይት ድምፅ የሰሙ ሰዎችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ ዓይን ይጨፈናል፣ አንገት ወደ ፊት ይሰበራል፣ ትከሻ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ ሁሉም ሰውየው ማሰብ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። ጀግናም ፈሪም ይህን ያደርጋል። ፍርሃቱ የሚሠራው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በባልቲሞር ከአንድ ሕፃን ጀርባ የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ፣ ሕፃኑ ቀድሞ የማይፈራትን ነጭ አይጥ እንዲፈራ አድርገዋል። ሙከራው ዛሬ በማንኛውም የጥናት ሥነ ምግባር የማይፈቀድ ጭካኔ ነው፤ ያረጋገጠው ነገር ግን እውነት ነው፦ ብርቱ ድንገተኛ ድምፅ አብሮት ያለውን ሁሉ ሊያስፈራ ይችላል። የቡና ምጣድም በዚሁ መንገድ የፍርሃት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለፍርሃቱ ይበልጥ የሚጋለጡ ሰዎች አሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅ ከሌላው ሰው ይልቅ በርትቶ ይሰማቸዋል፤ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ የሚታዩት በእውነት ስለሚያማቸው ነው። በኢትዮጵያ ይህን ለሕዝብ ያስረዱት ከሁሉ በፊት ወይዘሮ ዘሚ የኑስና ያቋቋሙት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ናቸው። ከጦርነትና ከግጭት የወጡ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። በ2010ዎቹ ዓ.ም በምሥራቅ ወለጋ በደረሰው ግጭት ከየወገኑ ብዙ ሕዝብ ቤቱንና ማሳውን ትቶ ተሰዷል፤ ጥይት ሰምቶ በሌሊት ልጅ ታቅፎ የሮጠ ሰው ከዚያ በኋላ በር በኃይል ሲዘጋ ቢበረግግ፣ ርችት ሲተኮስ መሬት ቢይዝ ደካማ ስለሆነ አይደለም። አካሉ አንድ ጊዜ ያዳነውን ትምህርት አልረሳም። እንዲህ ላለው ሰው ‹‹ምን ያስፈራሃል›› ማለት ቁስል መንካት ነው።

ሕክምናው ማማ ላይ የታየውን ሕግ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ልጅን የሚወደውን ምግብ እየሰጠች፣ ጥንቸሉን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እያቀረበች ከፍርሃቱ አላቀቀችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወታደራዊ ሐኪምነት ከጦር ሜዳ ድንጋጤ የተረፉ ወታደሮችን ያከመው ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፔ ዘዴውን አደራጅቶ በ1958 በመጽሐፍ አወጣው። ለማንቂያ ፍርሃት አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ስለ ድምፁ ይነጋገራል፤ ቀጥሎ የተቀዳውን ድምፅ በማይረብሽ ደረጃ፣ ስልኩን ራሱ ይዞ፣ ማቆሚያውን ራሱ እየነካ ይሰማል፤ ፍርሃቱ ሲበርድ ድምፁ ጥቂት ይጨመራል። በመጨረሻ በእውነተኛው መሣሪያ ሥር ቆሞ የመሞከሪያውን ቁልፍ በገዛ ጣቱ ይጫናል። ቁልፉን ራሱ መጫኑ ቁም ነገር አለው፤ መቼ እንደሚጮህ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ድምፁ ድንገተኛነቱን ያጣል። አጠገቡ የሚያምነው ሰው መኖሩ ይረዳል፤ የመርዶ ነጋሪዎች ሥርዓት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ጆሮ መድፈን ግን ጆሮውን ይበልጥ ስሱ ስለሚያደርገው አይመከርም።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን ሐኪም ለረጅም ጊዜ የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በዋናነት በጣሊያን ዘመን በተቋቋመው በአማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥነ አእምሮ ነርሶች እየሠለጠኑ ወደ ክልል ሆስፒታሎች ወጥተዋል፤ ነቀምቴም ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ሆኖም በድምፅ ፍርሃት የሚሠቃይ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ሽማግሌ ነው። ሁለቱም የሚረዱበት ጊዜ አለ፤ ሕመሙ ስም እንዳለውና እንደሚድን አለማወቅ ግን ብዙውን ሰው ለዓመታት በዝምታ ያቆየዋል።

መሣሪያዎቹም እየተሻሻሉ ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰውን፣ በተለይ ሽማግሌንና ሕፃንን፣ በሰከንድ 520 ጊዜ የሚርገበገብ ወፈር ያለ ድምፅ ከቀጭኑ ጩኸት በተሻለ እንደሚቀሰቅስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ለብዙ ፈሪ ሰውም ይህ ድምፅ ይቀልላል። በሰው ድምፅ የሚናገሩ፣ በብርሃን ብልጭታ ወይም ትራስ ሥር ሆኖ በመንቀጥቀጥ የሚያነቁ ዓይነቶች አሉ። ባትሪያቸው ለ10 ዓመት የታሸገባቸው በየጊዜው የባትሪ ድካም ድምፅ አያሰሙም። በብርሃን ጭስን የሚለየው ዓይነት ለምግብ ጭስ ከአሮጌው ዓይነት ያነሰ ይጮኻል። ቡና በሚቆላበት ቤት የሚመከረው የጭስ ማንቂያውን ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር አርቆ በመኝታ ቤትና በኮሪደር መስቀል፣ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭስን ሳይሆን ሙቀትን ብቻ የሚለየውን መሣሪያ ማድረግ ነው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው የጣሪያው ሙቀት ወደ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው፤ የቡና ጭስና ዕጣን ምንም ያህል ቢበዙ አይነኩትም።